ከጥቁሩ ጠርዝ በታች

እህቴ የምትሠራው ካርድ ክፍል ነው። ጤና ጣቢያ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ካርድ ክፍልን ያውቀዋል፤ በትንሽ መስኮት አጎንብሰው ስም የሚናገሩበት፣ ካርድ የሚቀበሉበት ክፍል ነው። እኔ እዚያው ግቢ በር ላይ ጥበቃ ነኝ። ስለ እሷ ብዙ ሰው አውርቷል። ያወሩት ሁሉ ውሸት ነው አልልም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጽሕፈት ላይ ደካማ ብሆንም ያየሁትን ቀስ እያልኩ ላስቀምጠው።

በስሟ የሚጠራት የለም። «ቀጥሎ» ነው የሚሏት። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ውስጥ «ቀጥሎ፣ ቀጥሎ» ስትል ስለምትውል ነው። ገበያ መሀል እንኳ «ቀጥሎ፣ እንዴት ዋልሽ» ይሏታል፤ አትቆጣም። እኔ ግን እታለም ነው የምላት። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር። እማዬ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስትሄድ አዝላኝ የምትውለው እሷ ናት። ትዳርም ይዛ ነበር፤ አልሆነላትም። ሰውየው «አንቺ የተጋባሽው ከሥራሽ ነው» ብሎ ጥሏት ሄደ። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ «እውነቱን ነው፤ ሥራዬ ቢያንስ አያኮርፍም» ብላ ሳቀች። ሰው ከሄደ በኋላ ምን እንደሆነች ግን እኔና እማዬ እናውቃለን።

ከእሷ በፊት እዚያ መስኮት ላይ የነበረው ሰውዬ ዘመዱን በጓሮ በር የሚያስገባ ነበር። ሰልፉ ፀሐይ ላይ ቆሞ እየዋለ የእሱ አማችና የአማቹ ጎረቤት ታክመው ይወጣሉ። እሷ ያን ጊዜ ያንኑ ክፍል ትጠርግ ነበርና አይታለች። እሱ ወጥቶ እሷ ስትገባ ታዲያ ነገሩን ገለበጠችው። አንድ ቀን የእናታችን ወንድም ሰልፉን ሰንጥቆ መጣና በመስኮቱ እጁን ሰደደ። «አጎቴ፣ ሰልፍ ዘመድ የለውም» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀበት። አጎታችን እስከ ዛሬ ቤታችንን አልረገጠም።

እንግዲህ ስለ ኮምፒውተሩ ካልተናገርኩ የሆነው ነገር አይገባም። ድሮ ሁሉም ወረቀት ነበር። ኮምፒውተሩ ሲመጣ እታለም በአንድ ጣት እየቆረቆረች ጀመረች፤ ኋላ ጣቷን ሳታይ መጻፍ ለመደች። ኮምፒውተሩ ላይ ፎርም የሚሉት አለ። ሲከፈት የተመዘገበው ሰው ተደርድሮ ይታያል፤ አንድ ሰው አንድ መስመር ነው። ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሰፈሩ፣ ስልኩ፣ ሕመሙ። የሰው ስም ዝርዝር ሲፈለግ ያንን ማተም ነበር ደንቡ። ማተሚያው ግን ቀለሙ ካለቀ ወዲህ የኩባያ ማስቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በስልክ ፎቶ ያነሡታል። አንዱን ገጽ ያነሣሉ፣ ወደ ታች ያወርዳሉ፣ ሌላውን ያነሣሉ። ያ ነው ዝርዝር የሚባለው።

ስክሪኑ ራሱ ደግሞ በሽተኛ ነው። ከታች በኩል ሁለት ጣት ያህል፣ ከግራ እስከ ቀኝ፣ ጥቁር ብሏል። እዚያ የገባ ጽሑፍ አይታይም። ፎርሙ ስክሪኑን ሙሉ ነው የሚይዘው፤ ጠበብ በል ቢሉት እሺ አይልም። ይቀየርልኝ ብላ ስንቴ አመለከተች፤ መልሱ «ይሠራ የለም ወይ» ነው። መሀል ላይ ያሉት ሰዎች ችግር የለባቸውም፤ ሲያወርዱት ከጥቁሩ ወጥተው ወደ ላይ ይመጣሉ። የመጨረሻዎቹ ናቸው ጣጣው። ከእነሱ ሥር የሚገፋቸው የለምና እዚያው ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ።

እታለም ለዚህ ዘዴ አበጀች። ከመጨረሻው ሰው ሥር ባዶ መስመር ትጨምራለች፤ ስም የለው፣ ዕድሜ የለው። ባዶዎቹ ጨለማው ውስጥ ይተኛሉ፣ ሰዎቹ ወደሚታየው ይወጣሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ ከባዶዎቹ በአንዱ ላይ ትጽፈውና ሌላ ባዶ ትተካለች። «ትራስ» ነበር የምትለው። ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ «ዛሬስ አልዘገየሽም ወይ» ስላት «ትራስ ሳላደርግላቸው ልሂድ እንዴ» ትለኛለች። ካርድ ክፍል የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከካርድ ክፍል ውጭ ያለ ግን ማንም አያውቅም።

እማዬ ዓይኗን ካመማት ቆይቷል። ሞራ ነው። የግራው አልቆለታል፤ በቀኙ ጥላ ጥላ ነበር የምታየው። በር ላይ ሰው ሲቆም ብርሃኑ ስለሚጋረድ «ማነው» ትላለች እንጂ ማን እንደሆነ አትለይም። የዓይን ሐኪሞቹ የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው። ከዚህ በፊት ሲመጡ እኔ ገና አላገባሁም ነበር። አሁን ሊመጡ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ቀድማ የመጣችው ነርስ እማዬን በባትሪ አየቻትና ለእታለም ነገረቻት። የቀኙ ቶሎ ካልተወገደ በስሎ ዓይኗ ውስጥ ግፊት ያመጣል፣ እንደ ግራውም ይሆናል፣ ያኔ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም አያይም አለቻት። እታለም ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።

የምዝገባው ቀን እማዬን ከማለዳው ይዣት መጣሁ። አግዳሚው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ልጇ በውስጥ፣ እሷ በውጭ፣ በመካከላቸው ሳንቃ ብቻ። እታለም አየቻት፤ ሆኖም ለዓይን ታካሚዎች ለብቻው የተከፈተውን ፎርም አወጣችና ሰልፉን ጀመረች። አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ውስጥ እናትሽን አስቀድሚያት፣ እኛ ፈቅደናል አሏት። እሷም እናንተ ብትፈቅዱ ከኋላችሁ ያለው አልፈቀደም ብላ ቀጠለች። እማዬ ይህን ሰምታ ለጎረቤቷ «ስወልዳትም እንዲሁ ነው ያስጠበቀችኝ» አለች። አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ደሜ ፈልቷል። በመስኮቱ ጎን ገብቼ ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። ዛሬ እናቴን ባስቀድም ነገ አጎቴን የማስቆምበት ምን አፍ ይኖረኛል አለችኝ። መመዝገቡ አይቀርም፣ የተመዘገበ ሁሉ ይታከማል፣ ምን አቻኮለህ አለችኝ። እውነትም የተመዘገበ ሁሉ እንደሚታከም ነበር የተነገረን።

ሰልፉ ሲያልቅ አንድ ድንጋይ ጠራቢ መጣ፤ ልጁ እጁን ይዛ እየመራችው። ከእሱ ቀጥሎ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች፤ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃታት ቆይቷል። ከሁሉ በኋላ እታለም ወጥታ እማዬን በክንዷ ይዛ አስገባቻት፣ ወንበሯ ላይ አስቀመጠቻት፣ ቆማ መዘገበቻት። ባዶ መስመሮቹን ከሥር ጨመረች። እማዬ የመጨረሻዋ ሰው ሆነች።

በማግስቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። በምሳ ሰዓት ነው፤ እታለም እማዬን ልትመግብ ቤት ሄዳለች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰላምታውም ደግ። ከእኛ ጤና ጣቢያ የሚመጣው መዝገብ ባዶ መስመር በዝቶበት ሪፖርቱን እያበላሸ ነው ብሎ ለኃላፊያችን አስረዳቸው። ኃላፊው እንዲጸዳ ፈቀዱ። አጸዳው። ምስጋና ተቀብሎ ሄደ። ለእታለም የነገራት የለም። ማን ምን ብሎ ይንገራት፤ ባዶ ነገር ነው የጠፋው።

ከሰዓት በኋላ የሐኪሞቹ አስተባባሪ ስልኳን ይዛ መጣች። የሚታከሙትን ዝርዝር ፎቶ አንሥታ ልትልክ ነው፤ ሞራው ሲወጣ ዓይን ውስጥ የሚተካው ሌንስ በዚያ ቁጥር ነው የሚመጣው። እታለም በዚያ ሰዓት መደርደሪያው መሰላል ላይ ነበረች። ትኩሳት ያንዘፈዘፈውን ሕፃን የያዘች እናት መስኮቱ ላይ ታለቅሳለች፤ የሕፃኑ የድሮ ካርድ አልተገኘም። አስተባባሪዋ ራሷ የእታለም ወንበር ላይ ተቀመጠችና አንድ በአንድ እያወረደች ታነሣ ጀመር። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ከዚህ በታች አልወርድ አለኝ፣ አበቃ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። እታለም ከመሰላሉ ላይ፣ ዞር ሳትል፣ «አልወርድ ካለሽ አልቋል» አለች።

ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ለብቻዋ ስትላት ሰምቻታለሁ። ሳህን እያጠበች «አልወርድ ካለሽ አልቋል» ትላለች። ለማንም አይደለም።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ግቢው ሞላ። እማዬ ፀጉሯን ታጥባ፣ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ከድንጋይ ጠራቢው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወታሉ። እሱ ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ ሚስቴን አይቼ እውነት ይቺ ናት ወይ ብዬ እጠይቃለሁ ይላል። እማዬም ሚስትህም ይህንኑ ስታስብ ነው የኖረችው ትለዋለች። ልብስ ሰፊዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። አስተባባሪዋ ከስልኳ ላይ ስም ትጠራለች፣ የተጠራው ይገባል። እኔ በሩን ትቼ እሰማለሁ። ሰው እያነሰ፣ አግዳሚው እየሰፋ ሄደ። ሦስቱ ቀሩ። አስተባባሪዋ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጨርሰናል አለች።

እማዬ ወደ እኔ ዞራ «እኔን ጠሩኝ እንዴ፣ አልሰማሁም» አለችኝ። ቆይ አልኳትና ወደ ካርድ ክፍል ሮጥኩ።

እታለም አላመነችኝም። ራሴ ነው የጻፍኳት አለችና ፎርሙን ከፈተችው። አወረደችው። ሄደ ሄደና ቆመ። የመጨረሻው የሚታየው ሰው እማዬ አይደለችም፤ ድንጋይ ጠራቢውም አይደለም። ከዚያ በታች ጥቁሩ ነው። እጇን ጥቁሩ ላይ አደረገች፤ እንደ ዕውር ዳሰሰችው። ባዶ መስመር መጨመር ጀመረች። አንድ ስትጨምር አንድ ሰው ከጨለማው ወጣ። ድንጋይ ጠራቢው። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ የእናታችን ስም ብቅ አለ። እታለም ስሙን ስታይ ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ መጻፍ አልችልም።

አስተባባሪዋን ጎትቼ አመጣኋት። አየችና ፊቷ ነጣ። ሄዳ ሐኪሙን አነጋግራ ተመለሰች። ሌንሱ በፎቶው ቁጥር ነው የመጣው፣ ትርፍ ያለው አንድ ብቻ ነው አለች። ዛሬውኑ ሐኪሞቹ ወደ ሌላ አገር ያልፋሉ። በሩን ገፋ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እናትሽ ናት አሉኝ። እሷን አምጪያት። ማንም አይናገርሽም» አለቻት።

እኔ ተመስገን አልኩ በልቤ። እታለም ግን አልተነሣችም። ስክሪኑን ታያለች። ከዚያ ማንበብ እንደማትችል ሰው ጠየቀች።

«ከሦስቱ ላይኛው ማነው?»

«ድንጋይ ጠራቢው» አለች አስተባባሪዋ።

«እንግዲያ እሱ ነዋ።»

«እታለም፣ እግርሽን ልሳም» አልኳት። እውነትም ተንበርክኬ ነበር። «እናትሽ ናት እኮ።»

«እናቴ መሆኗን አንተ ነህ የምትነግረኝ?» አለችኝ። ድምጿ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። «በምዝገባው ቀን መስኮቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በጓሮ በር ላስገባት?»

ወጥታ ለሦስቱም ራሷ ነገረቻቸው። ምንም አልሸፈነችም፤ ስክሪኑንም፣ ባዶ መስመሩንም፣ መሰላል ላይ ሆና ያለችውንም ተናገረች። ድንጋይ ጠራቢው ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ለእማዬ እርስዎ ይግቡ ሊል አፉን ከፈተ፤ ልጁ እጅጌውን ሳበችው። ገባ። እኔ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እገባ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዕቃዋን ሰብስባ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። እማዬ «ቤቴ ውሰዱኝ» አለች።

ሰው የማያወራው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ማታ ሲሆን የሐኪሞቹ መኪና ሊወጣ መጣ፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። እታለም ከካርድ ክፍል ሮጣ መጣችና የመኪናውን በር ያዘች። ያቺ ሰልፍ ዘመድ የለውም ያለች ሴት፣ ሐኪሙን በመስኮት አጎንብሳ ለመነችው። እናቴ ናት፣ አሮጊት ናት፣ ከየትም ብለህ አንድ ፈልግልኝ አለችው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል። በሚቀጥለው ስንመጣ መጀመሪያ እሷን አላት። መቼ አለችው። ለሹፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇን አልለቀቀችም፤ እየተጎተተች ጥቂት ሄደች። ጣቶቿን ከበሩ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ።

ትልቁ ሆስፒታል ወሰድናት። ተራ ያዙ ተባልን። ያዝን። ተራው ሲደርስ የቀኙም እንደ ግራው ሆኖ ነበር። ወጣቷ ሐኪም ባትሪዋን አጠፋችና፣ ቀደም ብትሉ ኖሮ አለች። እታለም እሺ አለች።

ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ እንዲህ ያለ ሰው የለም ይላል፤ እጇን ሊስም የሚመጣም አለ። ገሚሱ እናቷን ለስም የለወጠች ይላታል። እሷ ከሁለቱም ትሸሻለች። የሚያመሰግኗትን ይበልጥ ትፈራለች መሰለኝ። ድንጋይ ጠራቢው አሁን ያያል። እኔን በር ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘጋች አሉ። ስክሪኑ አሁንም ያው ነው፤ ትራሱንም እታለም በየቀኑ ታደርጋለች።

እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእታለም አታወራም ነበር። ታጎርሳታለች፣ ትጎርሳለች። ትመራታለች፣ ትከተላታለች። ቃል ግን የለም። ከእኔ ጋር ትጫወታለች፣ ከሚስቴ ጋር ትሳለቃለች፤ የእታለም እርምጃ ሲሰማ አፏን ትዘጋለች። እኔም እውነት ለመናገር ደስ ሳይለኝ አልቀረም፤ ይበላት ብያለሁ። አሁንስ ትክክል ነበረች ወይ ብትሉኝ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ነበረች እላለሁ፤ እማዬ በግድግዳው እየተደገፈች ስትሄድ ሳይ ደግሞ ልጩኽባት እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ብርሃኑን ብጋርድም «ማነው» የሚል የለም። እታለም እማዬን ፀጉሯን እያጠበቻት ነበር፤ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ፣ እጇ ሁሉ ሳሙና። እማዬ ድንገት እጇን ዘርግታ የእታለምን ፊት ያዘችው። ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ጉንጯን ቀስ ብላ ዳሰሰች።

«አርጅተሻል እንዴ?» አለቻት።

እታለም «ትንሽ፣ እማዬ» አለች።

«ይኼ ዓይንሽ ሥር ያለውስ ምንድነው? ድሮ አልነበረም።»

«ስክሪን ላይ ሳፈጥ የመጣ ነው።»

እማዬ ጣቷን እዚያው ላይ አመላለሰች። «ይኼን ነበር እኮ ላይ የፈለግሁት» አለች። «ሌላ ምን ላይ ኖሯል። እንዴት ሆና ይሆን፣ መልኳ ተለውጦ ይሆን እል ነበር።»

እጇን አላነሣችም። እታለምም ፊቷን ሳታነሣ እንደተንበረከከች ቆየች። ሳሙናው እጇ ላይ ሲደርቅ፣ ውኃው ሲበርድ አየሁ። ገብቼ ላሙቅላቸው ወይስ ልመለስ ብዬ አመነታሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።